የሼኽ ሙሳ ስቅታ

እኔ ወጌሻዋ ዘውድነሽ ነኝ። ከጀውሃ እስከ ማጀቴ ሳያነክስ የሚሄድ ሰው ካያችሁ፣ ወይ ወድቆ አያውቅም፣ ወይ እኔ አሽቼዋለሁ። የፈሪሃንና የአብዱልመጂድን ነገር ሌላ ሰው ቢያወራላችሁ አትስሙት። ጥርስ ነቃዩ ያወራል፤ እሱ የዚያን ቀን ጉንጩን በጫት ወጥሮ ጣራ ጣራውን ሲያይ ነበር። መሪጌታ ገብረሚካኤልም ያወራሉ፤ እሳቸው ሲያወሩት ደግሞ ኒካሁን ያሰሩት እሳቸው ይመስላሉ። መጋረጃው ጥግ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወዲህም አያለሁ፣ ወዲያም አያለሁ።

ጊዜው ጥሊያን ሸዋ ሮቢት ላይ ሰፍሮ መንገድ የሚደለድልበት ዘመን ነው። ቀን ፀሐዩ ይጠብሰዋል፣ ሲመሽ ቢንቢው ይረከበዋል። የሐኪም ቤቱ ነጭ ባለመድኃኒት ንዳድ ይዞት፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ በካሚዮን ወደ ደብረ ሲና ብርድ ሲወጣ፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ የሚለይ ሰው ጠፋ። አብዱልመጂድ የተገኘው ያኔ ነው።

አብዱልመጂድ የወሎ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ እንኳ በልክ የሚስቅ። አዲስ አበባ አንድ አርመን መድኃኒት ቤት ጠርሙስ አጣቢ ሆኖ ገብቶ፣ ከማጠብ ወደ መፍጨት፣ ከመፍጨት ወደ መመዘን ወጣ። ጦርነቱ መጥቶ ሱቁ ሲዘጋ ሽማግሌው አርመን የነሐስ ሚዛኑን አንስቶ፣ "እኔ አርጅቻለሁ፤ ዓይኔን አንተ ውሰደው" አለው። በዚያ ሚዛን ነው እንግዲህ የሸዋ ሮቢት ሐኪም ቤት የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ የሆነው። ኃላፊ ይባል እንጂ ከሥሩ የሚታዘዝ ፍጡር አልነበረውም። ድመቷ እንኳ የወጥ ቤቱ ነበረች።

አመሉ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየ ማኅበር ካላደረግሁት ይላል። አንድ ቀን እኔ ዘንድ መጣና፣ "እትዬ ዘውድነሽ፣ አንቺ የምታውቂውን ሼኽ ሙሳ አያውቁም፤ እሳቸው የሚያውቁትን እኔ አላውቅም። በሽተኛው ግን በሦስታችንም ደጅ ሲዞር ይሞታል። ለምን አንሰበሰብም?" አለኝ። ነገሩ እውነት ነው። እኔም እውነት ሲነገረኝ እናደዳለሁ እንጂ አልክድም።

ተሰበሰብን። "የይፋት መድኃኒተኞች ማኅበር" አለው፤ ስሙ ከአባላቱ ይበልጥ ነበር። ሥር ማሹ ሼኽ ሙሳ ሰብሳቢ፣ አብዱልመጂድ ጸሐፊ፣ እኔ፣ ጥርስ ነቃዩ፣ የዓይን መድኃኒተኛው፣ መሪጌታ ገብረሚካኤል አባል። ችግሩ ጥሊያን ነው። ሰው ተሰብስቦ ሲያወራ ካየ ሽፍታ ይመስለዋል። ዱዓ ላይ የተቀመጠ እስላም ሲያይ ግን ባርኔጣውን ነክቶ ያልፋል። ስለዚህ ማኅበራችን በሼኽ ሙሳ እልፍኝ ወዳጃ ሆኖ ተቀመጠ፤ ጫቱ ይቀርባል፣ ዱዓው ይደረጋል፣ በመሀል የማኅበሩ ጉዳይ ይወራል። የወታደር ጫማ ሲሰማ ሁላችንም "አሚን!" እንላለን። ከሁሉ አስበልጠው የሚጮኹት መሪጌታ ነበሩ። ጫቱን ግን ጉንጫቸው ውስጥ ለይስሙላ ይይዙና ሲወጡ ለፍየላቸው ይሰጡታል። ፍየሏ ኋላ ኋላ እንቅልፍ አጥታ ተቸገሩ።

አሁን ወደ ፍቅሩ ልምጣ፤ መቼም እሱን ብላችሁ ነው የተቀመጣችሁት።

የሐኪም ቤቱ መድኃኒት የሚታደለው በመስኮት ነው። መስኮት ማለት ደግሞ በግድግዳው ወገብ ላይ የተበሳች፣ እጅ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ ናት። አብዱልመጂድ የአገሩን ሰው በእጁ ነው የሚያውቀው። "ትናንት የመጣችው ባለቁስል አውራ ጣት እንዴት ሆነች?" ይለኛል። የሼኽ ሙሳ ልጅ ፈሪሃ የሰፈሩን አቅመ ደካማ አሮጊቶች ኪኒን ልትቀበል ትመጣለች። እጇን ታስገባለች። ጣቶቿ ረዣዥም፣ ጫፋቸው በሂና የቀላ፣ መዳፏ ግን እንደ ሠራተኛ መዳፍ ሻካራ ነው። እሱም ኪኒኑን ያስቀምጥና "ጠዋትና ማታ፣ ከውሃ ጋር" ይላል። እሷም "እስከ መቼ?" ትላለች። "እስኪያልቅ" ይላል። አበቃ። በዓመት ውስጥ የተነጋገሩት ይኸው ነው።

"እትዬ ዘውድነሽ፣" አለኝ አንድ ቀን፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ "የዚያች እጅ ባለቤት ማን ናት?"

"የምን እጅ?"

"ኪኒን ስሰጣት ቶሎ የማትጨብጠዋ። ትንሽ ቆይታ የምትጨብጠዋ።"

ወይ ጉድ! እኔ በአጥንት ሰው የማውቅ ሴት፣ በእጅ ብቻ የነደደ ሰው ያየሁት ያኔ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች ስነግረው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ወንበሩ ላይ ጠርሙስ ነበረበት።

መቀመጡስ ይገባዋል። ሼኽ ሙሳ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ወዲህ ያለቻቸው ፈሪሃ ብቻ ናት። እሷንም የጀውሃው የግመል ነጋዴ አሊዪ ጠይቋል። ሽማግሌዎቹም "ሐሙስ ኑ" ተብለዋል። በእኛ አገር "ሐሙስ ኑ" ማለት "በጉን ግዙ" ማለት ነው። ይህ ብቻ ቢሆን በወደድሁ። ከዚህ የባሰው ራሱ አብዱልመጂድ ነበር።

ሐሙስ ሊሆን አምስት ቀን ሲቀረው ወዳጃ ተቀምጠን፣ ይህ ጸሐፊያችን ቆመና ያስብበት የነበረውን ሐሳብ አወጣው። "ከእንግዲህ ማንም የማኅበራችን ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ስሙና ልኩ ይጻፍበት። በሽተኛው ምን እንደዋጠ ይወቅ" አለ።

ሼኽ ሙሳ ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። "መድኃኒት ስሙ አይጠራም" አሉ። "ስሙ ከተጠራ ይሞታል። ይህ የአባቶቼ ሕግ ነው። ለቤቴ ልጅ በጆሮው ካልሆነ በቀር ለማንም..." እዚህ ላይ የጎረሱት ጫት ወደማይሄድበት ሄደ። "ሕቅ!" አሉ።

ሁላችንም ጠበቅን።

"ለማንም አልናገ... ሕቅ!"

ተነሥተው ወጡ። ስቅታው አብሯቸው ወጣ።

ስቅታ ምን አለበት ትሉ ይሆናል። አንድ ቀን ሲሆን ያስቃል። ሲያድር ግን ሰውየው ውሃ አልወርድ አላቸው፣ እንቅልፍ አጡ። ከሁሉ የከፋባቸው ሶላት ላይ ቆመው ፋቲሓውን መጨረስ አለመቻላቸው ነው። በሦስተኛው ቀን ዓይናቸው ጎድጉዶ፣ የኮራው ትከሻቸው ወርዶ ሳያቸው ሳቄ ጠፋ።

ማኅበሩ ተረባረበባቸው። እኔ ጀርባቸውን አሸሁ፤ "ሕቅ!" አሉ፣ ክርኔን መቱኝ። መሪጌታ ገብረሚካኤል "በልማዱ ስቅታ የሚለቀው በድንጋጤ ነው" ብለው ከኋላ መጥተው "ሼኽ ሙሳ፣ የመስጊዱን ምንጣፍ ሰረቁ አሉ!" ብለው ጮኹ። ሼኽ ሙሳ በተለመደው ዝግታቸው ዞረው፣ "መሪጌታ፣ ሕቅ! ፍየልዎ ማሽላዬን እየበላች ነው" አሉ። የደነገጡት መሪጌታ ናቸው፤ እየሮጡ ወጡ።

አብዱልመጂድ በስኳር ላይ የሚንጠባጠብ ጠብታ ይዞ ደጅ ቆመ። ሼኽ ሙሳ አላስገቡትም። እኔን ጠርተው፣ "ለዚያ ሰውዬ ንገሪልኝ። ስቅ የሚለኝ ስሜን ስለሚያነሳ ነው። ጠዋትና ማታ ያነሳኛል። ተወኝ በይው!" አሉኝ።

ሄጄ ነገርኩት። አብዱልመጂድ ሚዛኑን እየወለወለ ነበር። ጨርቁን አስቀመጠ። ከዚያ፣ "ማንሳትስ አነሳለሁ፣ እትዬ። ከዚያ ቤት አንድ ስም ጠዋትም ማታም አነሳለሁ። የእሳቸውን ግን አይደለም" አለ።

ይህን ቃል ለሼኽ ሙሳ አላደረስኩም። ለፈሪሃ ግን አደረስኩ። ጓሮ ማሽላ ስታበጥር ነበር። ወንፊቱን አስቀምጣ፣ በዚያች በቀላች እጇ አፏን ይዛ፣ ሳቀች። ቀጥላ ደግሞ አለቀሰች። "ሐሙስ ደረሰ እኮ፣ እትዬ" አለችኝ።

"የአባትሽ መድኃኒትስ? ስቅታ የሚያቆም ሥር አላቸው ሲባል እሰማለሁ።"

"አላቸው። ለራሳቸው ግን አይቆርጡም፤ የሕጋቸው ነገር ነው። ራሱን የሚያክም እጅ መድኃኒቱን ያረክሰዋል ይላሉ። የቤቱ ወንድ ልጅ ነው የሚቆርጥላቸው።" ዓይኗን ወደ ማሽላው መለሰች። "በመጀመሪያው ቀን እኔ ልቁረጥልዎ ብያቸዋለሁ። ሴት ልጅ የሰው ቤት ናት፣ አሉኝ።"

ሲነገረኝ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀጭ አለ። የተሰበረ አጥንት ቦታው ሲገባ እንደዚያ ነው የሚለው።

ረቡዕ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ማኅበሩን ሼኽ ሙሳ እልፍኝ ሰበሰብኩ። ፈሪሃ ከመጋረጃው ወዲያ፣ እኔ ጥጉ ላይ፣ አብዱልመጂድ በሩ አጠገብ እንደ እንግዳ። ሼኽ ሙሳ መደባቸው ላይ ተደግፈው፣ ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር ይናጣሉ።

"ሼኽ ሙሳ፣" አልኩ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝም?"

"እቆጣሻለሁ። ሕቅ! ጠይቂ።"

"ያን ሥር የሚቆርጥልዎ የግድ ከአብራክዎ የወጣ ወንድ መሆን አለበት?"

"የቤቴ ሰው ይሁን እንጂ። ልጅ፣ ሕቅ! ወይም የልጅ ባል። አማች ልጅ ነው።"

"ታዲያ ነገ አሊዪ አማችዎ አይደለም? እሱ ይቁረጥልዎ!"

ጥርስ ነቃዩ እንኳ ከጣራው ላይ ዓይኑን አወረደ። ሼኽ ሙሳ አሰቡ። ሲያስቡም ስቅ ይላቸዋል። አሊዪን በዓይነ ኅሊናቸው ሥሩን ይዞ አዩት መሰለኝ፣ ግንባራቸው ተቋጠረ።

"አሊዪ፣" አሉ ቀስ ብለው፣ "ሕቅ! በጆሮው የነገርኩትን ለጁምዓ ጀውሃ ገበያ ላይ ያወጣዋል። በሚዛን ነው የሚሸጠው። አያቴን ይሸጥልኛል።"

"እንግዲያስ የማይሸጥ አማች ይፈልጉ" አልኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደምችል ብዙ ሰው አያውቅም።

ማንም ወደ በሩ አላየም። ሁሉም ግን ወደ በሩ እንዳላየ ያውቅ ነበር። ምክንያቱም የኪኒኑን ነገር እናውቃለን። በዚያ ወባ ዘመን አንድ ብልቃጥ ኪኒን ጀውሃ ላይ ጥጃ ያወጣል። አብዱልመጂድ ግን አንዲት ፍሬ ሸጦ አያውቅም። ግማሹ በመስኮቷ ለድሃ ይወጣል። ሌላው በእኔ የቅቤ ቅል ውስጥ ተደብቆ ሸንተረሩ ላይ ላሉት አርበኞች ይሄዳል። ሼኽ ሙሳ ይህን ያውቁ ነበር። ቅሉን አንድ ጊዜ ራሳቸው አሸክመውኛል።

"አንተ!" አሉ ሳይዞሩ። "ሕቅ! ና ተቀመጥ።"

አብዱልመጂድ ገብቶ ተቀመጠ። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ በጉልበት እኔን ማታለል አይቻልም።

"ልጄን ብሰጥህ፣ ስሙንም በጆሮህ ብነግርህ፣ ሕቅ! በየትም ወረቀት ላይ እንዳትጽፈው ትምላለህ?"

እኔ በልቤ "ማልልን! ማልልን እንጂ!" እላለሁ። መጋረጃው ትንፋሹን ያዘ። ይህ የተረገመ ሐቀኛ ግን መሬት መሬት ማየት ያዘ። ሼኽ ሙሳ ሁለት ጊዜ ስቅ እስኪላቸው ድረስ አልማለም።

"ሼኽ ሙሳ፣" አለ በመጨረሻ፣ "ልጅዎን ከነፍሴ አብልጬ እወዳለሁ። ፊቷን በደንብ አይቼው አላውቅም፤ እጇን ግን ከሺህ እጅ መሀል አውቀዋለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ወላሂ አልጽፍም፤ የእርስዎ ነው። ግን አንድ ነገር አለ። እኔ በሙያዬ ከየት እንደመጣ ሳልናገር ከእጄ መድኃኒት አይወጣም። ይህን ከተውኩ፣ እርስዎም ልጅዎን የሚሰጡት ለሌላ ሰው ነው። እሱን አይከልክሉኝ።"

እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። "ድመት ናት" አልኩ። ድመት የለም።

ሼኽ ሙሳ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩት። "ከየት እንደመጣ መናገር፣ ሕቅ! ሐራም አይደለም" አሉ። "ምስክሮች፣ ቅረቡ!"

ጥርስ ነቃዩና የዓይን መድኃኒተኛው ምስክር ሆነው ወደ መጋረጃው ሄዱ። "ፈሪሃ፣ ወደሻል ወይ?" አሏት። "አዎ" አለች፤ ጥያቄው ሳያልቅ። "መህርሽ ምን ይሁን?"

"ሚዛኑ" አለች።

እልፍኙ ተያየ። ሌላዋ ግመል ትጠይቃለች፣ ድሪ ትጠይቃለች። ይህቺ የአርመኑን የነሐስ ሚዛን! "ምን ልትመዝኚበት?" አሉ ሼኽ ሙሳ። አብዱልመጂድ ግን ከማይለየው ከረጢቱ ሚዛኑን አወጣና፣ እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ፣ በመጋረጃው ሥር አሳለፈው። ዓይኑን ነበር የሰጣት።

ከዚያ ዋናው መጣ። አባት "ዘወጅቱከ" ብሎ ልጁን መዳር አለበት።

"ዘወ... ሕቅ!"

"እንደገና" አለ የዓይን መድኃኒተኛው።

"ዘወጅቱ... ሕቅ! ያ አላህ!"

ጥርስ ነቃዩ በስቅታ የተቆረጠ ኒካህ ይጸናል አለ። የዓይን መድኃኒተኛው አይጸናም አለ። መሪጌታ "በእኛ በኩል ሲሆን..." ብለው ሲጀምሩ ሁለቱም "እርስዎን ማን ጠየቀዎ!" ብለው ጮኹባቸው። በዚህ ጩኸት መሀል በሩ ተከፈተና አንድ የጥሊያን ወታደር ከነጠመንጃው ብቅ አለ።

"አሚን!!" አልን ሁላችንም።

ወታደሩ ሼኽ ሙሳን አየ። እሳቸውም አዩት። "ሕቅ!" አሉት። መሪጌታ "አሚን!" ብለው ተቀበሉ። ሌሎቻችን ምን እናድርግ? ሼኽ ሙሳ "ሕቅ!" ባሉ ቁጥር "አሚን!" እያልን ተቀበልን። ወታደሩ ትልቅ ምስጢር ላይ የገባ መስሎት ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወደ ኋላው እየተራመደ፣ በሩን በእርጋታ ዘጋልን። ሳቃችንን አፍነን ስንንፈራፈር ሼኽ ሙሳም ሳቁ። ከአራት ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቁት ያኔ ነው። በዚያ ሳቅ መሀል አንዲት ፋታ አገኙና በአንድ ትንፋሽ፣ "ልጄን ፈሪሃን ዘወጅቱከ!" አሉ።

"ቀቢልቱ! ተቀብያለሁ!" አለ አብዱልመጂድ፣ ለአፍታ እንኳ ሳይዘገይ።

"ሕቅ!" አሉ ሼኽ ሙሳ። ኒካሁ ግን አልቆ ነበር።

ጆሮውን ያዙና ስሙንና ቦታውን በሹክሹክታ ነገሩት። የመቁረጫው ሕግ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ሄዶ፣ ዘወር ብሎ ሳያይ፣ ሥሩን በበሽተኛው እጅ እስኪያኖር ድረስ አንዲት ቃል አለመናገር ነው። አብዱልመጂድ አፉን ገጥሞ ወጣ። እኔም በመስኮቱ ተከተልኩት፤ በዓይኔ ማለቴ ነው።

ጓሮውን ዞሮ ሊያልፍ ሲል ከማድቤቱ በር አንዲት እጅ ብቅ አለች። ጣቶቿ ረዣዥም፣ ጫፋቸው የቀላ። መዳፏ ላይ ታጥቦ የተከተፈ ሥር ነበር። ሰውየው ተገትሮ ቀረ። መናገር አይችል! እጁን ወደ ወንዙ ያመለክታል፣ ወደ ሥሩ ያመለክታል፣ ወደ ሰማይ ያመለክታል። እጅቷ ደግሞ ተዘርግታ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ተቀበላት። ዛሬ ቶሎ የማይጨብጠው እሱ ሆነ።

እልፍኝ ሲመለስ ሼኽ ሙሳ ገና ተደግፈው እንኳ አልተመቻቸውም። ሥሩን በእጃቸው አኖረ። አሸተቱት፣ ገለበጡት፣ ትንሽ ቀመሱት። "ራሱ ነው" አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። "ሮቢን ተሻግረህ ነው እንዲህ የተመለስከው? ሕቅ! ከየት አመጣኸው?"

እግዚኦ! አሁን "ከወንዙ ማዶ" ቢል ምን ነበረበት? ሥሩ ትክክል፣ ኒካሁ የታሰረ፣ ሰውየው ሊድኑ። አብዱልመጂድ መጋረጃውን አየ፣ እኔን አየ። እኔ በዓይኔ "ዋሽ!" አልኩት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

"ፈሪሃ ናት የሰጠችኝ" አለ። "ከየት እንደመጣ ሳልናገር ከእጄ አይወጣም ብዬዎታለሁ።"

ሼኽ ሙሳ ወደ መጋረጃው ዞሩ። መጋረጃው ተገለጠና ፈሪሃ ወጣች፤ ሚዛኑን በደረቷ ይዛ።

"ማን ነገረሽ ስሙን?" አሉ።

"አንቱ።"

"እኔ? መቼ?"

"ቅርጫት አሸክመው ከኋላዎ ሲያስከትሉኝ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ አላሉኝም፣ አባዬ። ሲቆርጡ አየሁ። ሲፈጩ የፈጨሁት እኔ ነኝ። ለበሽተኛው ሲሰጡ ቆጠርኩ። የዳነውንም ያልዳነውንም አውቃለሁ። ይኸንንም ሥር ራሴ ቆርጬ አኑሬው ነበር።" እንባዋ ወረደ። "በመጀመሪያው ቀን ልቁረጥልዎ ብዬዎት ነበር። ሴት ልጅ የሰው ቤት ናት አሉኝ። ይኸው የሰው ቤት ሆንኩ፤ አሁን ልስጥዎት?"

ሁላችንም የሚቀጥለውን ስቅታ ጠበቅን። መሪጌታ "አሚን" ለማለት አፋቸውን አዘጋጅተው ነበር። አልመጣም። ጠበቅን፤ አልመጣም። ሼኽ ሙሳ ራሳቸው ደረታቸውን ነክተው አዳመጡ። ሄዷል።

ማናቸውም ስለ ስቅታው አላወሩም። ሼኽ ሙሳ በእጃቸው ጠሯት፣ አጠገባቸው ተንበረከከች፣ ጆሮአቸውን አዘነበሉላት። የምታውቀውን መድኃኒት አንድ በአንድ ታንሾካሹክላቸው ጀመር። በእያንዳንዱ ስም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እየቆዩ እንባቸው ጺማቸው ውስጥ ገባ። እኚያ ኩሩ ሽማግሌ፣ ወንድ ልጅ የለኝም፣ የአባቶቼ እውቀት ከእኔ ጋር ይቀበራል ብለው ስንት ሌሊት እንደተገላበጡ ያወቅነው ያኔ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ስብራት አሽቼ አላውቅም። ልጅቷ በጆሮ ጠገነችው።

ሲበቃቸው ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ቀና አሉ።

"ጸሐፊ!" አሉ።

"አቤት!" አለ አብዱልመጂድ ከተቀመጠበት ተነሥቶ።

"ስም ካልተጻፈ አልክ አይደል? ጻፍ እንግዲህ።" እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ። "የሥሩን አይደለም። ፈሪሃ ሙሳ ብለህ ጻፍ። የማኅበሩ አባል፣ ሥር ማሽ።"

አብዱልመጂድ ጻፈ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥፎ ጽሕፈት ጻፈ።

ስቅታውን ምን እንዳቆመው ማኅበሩ እስከዛሬ አልተስማማም። ሼኽ ሙሳ በምላሴ የነካሁት ሥሩ ነው ይላሉ። መሪጌታ ድንጋጤ ነው፣ ቀድሜ ተናግሬ ነበር ይላሉ። እኔ ግን እውነት ነው እላለሁ። የአሊዪ ሽማግሌዎች በማግሥቱ መጡ፤ በልተው፣ መርቀው፣ ትንሽ ቅር ብሏቸው ሄዱ።

የዚያን ቀን ግን ሰው ሲበታተን ሙሽሮቹ በሩ ላይ ተገናኙ። ግድግዳ የለ፣ መስኮት የለ። ፈሪሃ እጇን ዘረጋችለት። ኪኒን የለበት፣ ሥር የለበት፣ ባዶ እጅ። አብዱልመጂድ ያዘው። ምን ያድርግ፤ የሚያውቀውን ተናገረ።

"ጠዋትና ማታ፣" አለ፣ "ከውሃ ጋር።"

ፈሪሃ እንባዋን እንዳረገዘች ሳቀች። "እስከ መቼ?" አለችው።

"እስኪያ..." ብሎ ጀመረና ቆም አለ። ትክ ብሎ ፊቷን አየው፤ ገና አሁን ነበር በደንብ ያየው። "ይኸኛው አያልቅም" አላት።

እኔ ዞር አልኩና በነጠላዬ ዓይኔን ጠረግሁ። የይፋት አቧራ መቼም መጥፎ ነው።